«የዛሬ ወር ገደማ ቤታችሁ ጉንፋን ነበር?»፦ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትኩሳት ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ልጆች ከሳምንታት በፊት ስለነበረባቸው ሕመም እንዲጠየቁና የደም ግፊታቸው በልካቸው በተሠራ መለኪያ እንዲለካ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

እኔ በከተማችን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ አያት ላይ ካበቃ በኋላ ሌላ ታክሲ ይዘን በምንደርስበት የኮንዶሚኒየም ሠፈር የምኖር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የጤና ባለሙያ ስላልሆንኩ ከዚህ በታች ስለ ሕክምና የማነሣው ልጄን ካከሟት ሐኪሞች የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ብቻ ነው። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፌም ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የደረሰብን ነገር የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ባለሙያ ጥፋት ሆኖ ቢሰማኝ ኖሮ ወረቀቴን አስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ከትቼ እመለስ ነበር። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅና ለልጅ ክንድ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ ነው። ይህን የምጠይቅበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መናገር ይኖርብኛል።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማውን ሙሉ አልጋ ላይ የጣለውን ጉንፋን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየቤቱ ዝንጅብል ይፈላ፣ ዳማከሴ ይታሽ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ የማያስል ተሳፋሪ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ እኛ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ሰባት መምህራን ቀርተው ክፍሎች ያለ አስተማሪ ውለዋል። ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ቫይረስ ዝርያ በዚያው ሰሞን በአገሪቱ የተዛመተ ቢሆንም፣ አብዛኞቻችን እንደማንኛውም ጉንፋን ቆጥረነው ሳንመረመር ተኝተን ተነሣን። በእኛም ቤት እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ አሳለኝ፣ ባለቤቴ ሦስት ቀን ተኛች፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው የመጀመሪያ ልጃችን ግን ሁለት ቀን ካስነጠሳት በኋላ ከሠፈር ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ዋለች። «ልጆችን አይነካም የሚባለው እውነት ነው» ብዬ መምህራን ክፍል ውስጥ የተናገርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ፣ ጥር 15 ቀን፣ ልጅቷን ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ጀመራት። አብረውን የሚኖሩት አማቴ «ታቦት ስትከተል ፀሐይ ላይ ውላ ምች መትቷት ነው» አሉ፤ ባለቤቴም ሌሊቱን እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ስታቀያይር አደረች። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጉሮሮዋ ቀልቷል ተብሎ አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። ማክሰኞ ሆዷን ያማት ጀመር፣ የቀመሰችውንም ሁሉ መለሰችው፤ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደን ደም ሰጠችና «ታይፎይድ አለባት» ተባልን፣ የሴፍትሪያክሶን መርፌም ተጀመረላት። (በዚህ ከተማ ትኩሳት ይዞት ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ሳይባል የተመለሰ ሰው ካለ ባውቀው ደስ ይለኛል።) ረቡዕ ሕመሙ ወደ ሆዷ ቀኝ ጎን ስላዘነበለ ትርፍ አንጀት ይሆናል ተብሎ በሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ ትርፍ አንጀት አልነበረም። በዚያው ዕለት ሁለቱም ዓይኖቿ ደም መሰሉ፤ ዓይናር ግን አልነበራቸውም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ፣ ምላሷ እንደ እንጆሪ ቀላ፣ ደረቷና መዳፎቿ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ሽፍታውን የመርፌው ነው ብለን ተውነው።

አሁን የምናገረውን ደግሞ በተለይ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ረቡዕ ዕለት አንዲት ነርስ የልጄን የደም ግፊት ልትለካ የትልቅ ሰው መለኪያ አምጥታ ክንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። ጨርቁ ከብብቷ ጀምሮ ክርኗን አልፎ ነበር። አየሩን ነፍታ ካዳመጠች በኋላ የላይኛው ቁጥር 74 መሆኑን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ወዲያው ግን «ይሄ የትልቅ ሰው ስለሆነ ነው ዝቅ ያለው፣ የእሷ ልክ የለንም» አለችና ፈታችው፣ ካርዱ ላይም አልጻፈችውም። እውነቷን ነበር፤ ከልክ በላይ ሰፊ የሆነ መለኪያ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የልጄ የደም ግፊት ግን በእርግጥም ወርዶ ነበር። መለኪያው የተሳሳተ ሆኖ ሳለ ልጅቷም በእርግጥ እየደከመች ሊሆን እንደሚችል በዚያ ክፍል ውስጥ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር አስተምሬ እንጀራ የምበላው እኔም ጭምር።

ሐሙስ ማታ እግሮቿ ቀዘቀዙ። ትኩሳቷ 39 ከግማሽ እያለ እግሮቿ የበረዶ ያህል መቀዝቀዛቸው ግራ አጋባን፤ ስንጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። በሠፈራችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ታክሲ ማግኘት ዘበት ስለሆነ በጎረቤት መኪና ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስን። ተረኛው ወጣት ጤና መኮንን ነበር። መለኪያውን አነሣና ክንዷን አይቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያም የጣቷን ጥፍር በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀና በአፉ መቁጠር ጀመረ፤ ነጭ የሆነው ጥፍር ወደ መልኩ ሲመለስ ቁጥሩ አራት ላይ ደርሶ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ጤናማ ልጅ ላይ ይህ ከሁለት ሰከንድ አያልፍም፣ ከሦስት ካለፈ ደግሞ ደም ወደ ዳር አካሏ በደንብ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ዓይኖቿን በስልኩ መብራት አየ፣ ሽፍታውን ዳበሰ፣ ቀና ብሎም «አባት፣ የዛሬ ወር ገደማ ቤታችሁ ጉንፋን ነበር?» አለኝ።

በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ቦታ ታይተን ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ ነው። «ነበር፣ ሁላችንንም ይዞን ነበር» ስለው ኦክስጅን አድርጎላት፣ ክንዷ ላይ መስመር ከፍቶ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈ። በወረቀቱ ግርጌ «ሚስ-ሲ» (ኮሮና ከያዛቸው ከሳምንታት በኋላ ልጆችን የሚያጠቃ ሕመም ስም ነው) ብሎ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። ያን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። እንዴት እንዳወቀ ከወራት በኋላ ላመሰግነው ሄጄ ስጠይቀው፣ በወረርሽኙ ጊዜ በኮሮና ማከሚያ ማዕከል ተመድቦ ይሠራ እንደነበርና እዚያ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይቶ እንደነበር ነገረኝ። እንግዲህ ልጄ የተረፈችው ሐሙስ ሌሊት ተረኛው እሱ ስለነበረ ነው። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ማን ይሆን ነበር የሚለውን ጥያቄ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ሆስፒታል ስንደርስ በልኳ መለኪያ የላይኛው ቁጥር 68 ሆነ። ስለዚህ ቁጥር አንድ ቀላል ሒሳብ ተምሬአለሁ፤ ከአንድ እስከ አሥር ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜውን በሁለት አባዝቶ 70 መደመር ነው፣ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከዚያ ካነሰ ልጁ አደጋ ላይ ነው። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወሰኑ 88 ነበር። የልብ አልትራሳውንድ ሲነሣ የግራው የልብ ክፍል ደም የመግፋት አቅሙ ተዳክሞ ተገኘ፤ በደሟ ውስጥ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት ምልክቶች እጅግ ከፍ ብለዋል፤ የኮሮና ቫይረስ ራሱ ባይገኝባትም ቫይረሱን ለመከላከል ሰውነቷ የሠራቸው ፀረ-እንግዳ አካላት ግን ተገኙ። የሕፃናት ሐኪሟ ነገሩን ያስረዱኝ በአበው ተረት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ቫይረሱ ከወጣ ወር ሆኖታል፤ የልጅቷ መከላከያ ግን አሁን ተነሥቶ ይጮኻል፤ መጮህ ብቻ ቢሆን በተሻለ፣ የቤቱን ሰው ይነክሳል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ አላደረገልኝም።

ሕመሙ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ የሚያጠቃ የሕፃናት ብግነት ሲሆን፣ ሐኪሞች በአጭሩ ሚስ-ሲ ይሉታል። ዓለም ስለ እሱ የሰማው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2020 መጨረሻ ከብሪታንያ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በወጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወዲያው በሰሜን ጣሊያን ቤርጋሞ ያሉ ሐኪሞችም ተመሳሳይ ልጆች በብዛት እየመጡባቸው እንደሆነ አሳወቁ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት ወር አጋማሽ የመጀመሪያውን መለያ መስፈርት አወጣ። በመስፈርቱ መሠረት እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ትኩሳት ኖሮት ሽፍታ ወይም ዓይናር የሌለው የሁለት ዓይን መቅላት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የልብ ጉዳት፣ የደም መርጋት ችግር፣ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የሆድ ሕመም ከሚሉት ቢያንስ ሁለቱ ሲታዩበት፣ የብግነት ምልክቶች በደም ምርመራ ሲገኙ፣ ሌላ ምክንያት ሲታጣና ከኮሮና ቫይረስ ጋር የሚያገናኘው ነገር ሲኖር ሚስ-ሲ ይጠረጠራል። የሚመጣው ቫይረሱ ከያዘ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሚያጠቃቸውም በአብዛኛው ትምህርት ቤት የገቡ፣ ቀድሞ ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ልጆች ናቸው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመታት በተደረጉ ግምቶች ቫይረሱ ከያዛቸው ከ3000 እስከ 4000 ልጆች አንዱን ገደማ ያገኝ ነበር፤ ከኦሚክሮን ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ሆኗል።

«ታዲያ ይህን ያህል ብርቅ ለሆነ ሕመም ቢሮውን ማስቸገር ተገቢ ነውን?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ዓመታት ያሳለፍኩት ይህንኑ እያሰብኩ ነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሆነ ነገር ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ጉልበቱን ያመዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፤ «ሲያድግ ነው፣ ኳስ ስለሚያበዛ ነው» ይባላል፤ ሁለት ጊዜ ታይቶ ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጉሮሮውን አሞት ሁለት ቀን ከክፍል እንደቀረ የሚያውቀው ስም ጠሪው እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጁም እናቱም አላስታወሱትም። የልብ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የቁርጥማት ትኩሳት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ የልቡ በርም ተነክቶ ነበር። ይህ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ ከተባለ ባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ እንደሆነ፣ ቶሎ ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ልብን ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅ እንደሚቻል ባለሙያዎቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ልጆች ቁጥር በብዙ ሺህ እንደሚቆጠር፣ ከእነዚህም ብዙዎቹን ለዚህ ያበቃቸው ይህ ሕመም እንደሆነ በየጊዜው የሚነገር ነው። በምክንያታቸው የማይገናኙ ሁለት ሕመሞች ናቸው፣ አንዱን ቫይረስ ሌላውን ባክቴሪያ ያስነሣዋል፤ የሚያመልጡን ግን በአንድ ቀዳዳ ነው። ሁለቱም ልጁ ድኗል ብለን ከረሳነው በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለብርቁ ሕመም ብላችሁ የምታስገቡት ጥያቄ የሚበዛውን ሕመም ይይዝላችኋል።

የወላጅን መርሳት ደግሞ እንደ ቸልተኝነት አትቁጠሩብን። ሐኪም «ሕመሙ መቼ ጀመረ?» ሲለን ስለ ዛሬው ትኩሳት እንናገራለን፤ የወር ጉንፋን ለማን ይነገራል? በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችንን እንድንታጠብ የሚያሳስብ መልእክት እንሰማ ነበር፤ ጥሩ ነበር፣ ታጥበናልም። ከዳንን በኋላ ልጆቻችንን አንድ ወር ያህል በዓይነ ቁራኛ እንድንጠብቅ ግን በሠፈራችን የሰማ ሰው አላገኘሁም። ጎረቤቶቼን ጠይቄአለሁ፤ በሕንጻችን ካሉ ወላጆች አንድም ሰው የሚስ-ሲን ነገር ከእኛ ልጅ በፊት ሰምቶ አያውቅም።

በጤና ጣቢያው ባለ የሕክምና ሠንጠረዥ ላይም የታዘብኩት ነገር አለ። ትንሹ ልጄን ለክትባት ስወስድ በሕፃናት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ቆሜ አነበብኩት፤ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚያገለግለው የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ክብካቤ ነው። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ፣ ብዙ ሕፃናትን ያተረፈ ሠንጠረዥ መሆኑን አልጠራጠርም። ሚስ-ሲ ግን በብዛት የሚይዘው የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ነው፤ የቁርጥማት ትኩሳትም ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ባለው ዕድሜ ይበረታል። እነዚህ ልጆች የሚታዩት ከአዋቂዎች ጋር ተሰልፈው በተመላላሽ ክፍል ነው። ከአምስት እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉትን የሚያካትት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ እንዳለም ተነግሮኛል። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ይታተም አልልም፤ ትኩሳትን በሚመለከተው ገጽ ላይ «ባለፉት ስድስት ሳምንታት ልጁ ወይም ቤተሰቡ ጉንፋን፣ ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም ነበረባቸው?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፣ ከጎኑም የዓይን፣ የከንፈር፣ የሽፍታ፣ የሆድና የእግር መቀዝቀዝ ምልክቶች ይዘርዘሩ፤ በካርድ ክፍል ወይም በቅድመ ምርመራ ቦታ የምትሠራው ነርስም ጥያቄውን ጠይቃ መልሱን ካርዱ ላይ ትጻፈው። ከጻፈችው ልጁ የትም ቢላክ ወሬው አብሮት ይሄዳል።

መለኪያውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ ለሕፃን፣ ለትንሽ ልጅና ለትልቅ ልጅ ክንድ የሚሆኑ ሦስት ጨርቆች ቢኖሩ፣ አጠገባቸውም ያቺ በሁለት አባዝቶ 70 የመደመር ሒሳብ በትልቁ ተጽፋ ብትለጠፍ፣ ቢያንስ «የእሷ ልክ የለንም» ተብሎ የሚጣል ቁጥር አይኖርም። የጥፍሩን ቆጠራ ግን ከማንኛውም መሣሪያ በፊት አስተምሩት። ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት ያለው ስለሚመስለኝ ትንሽ ልቆይበት። ልጄ በተኛችበት ሰሞን ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው ከሰው ደም የሚዘጋጅ መድኃኒት አልተገኘም ነበር። ለሚስ-ሲ የሚሰጠው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ሁለት ግራም በመሆኑ 25 ኪሎ ለምትመዝነው ልጄ 50 ግራም ያስፈልጋት ነበር፤ ከፒያሳ እስከ መገናኛ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር የተነገረኝን ዋጋ እዚህ ብጽፈው አንባቢ እንዳጋነንኩ ይቆጥረዋል። በመጨረሻ የዳነችው ከእሱ ይልቅ በቀላሉ በሚገኘው፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በተባለው ብግነትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ፣ በአራተኛው ቀን ሽሮ በላች። በኋላ እንዳነበብኩት ከ32 አገሮች የተሰበሰቡ 614 ልጆችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በኢሚውኖግሎቡሊን ብቻ፣ በስቴሮይድ ብቻ ወይም በሁለቱም በታከሙት መካከል ግልጽ የሆነ የውጤት ልዩነት አላገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ለእነዚህ ልጆች ስቴሮይድ እንዲሰጥ መክሯል። እንግዲህ «መድኃኒቱ ውድ ነው፣ የሀብታም አገር ሕመም ነው» የሚለው አያስኬድም። ውድ የሆነብን ያባከንናቸው አራት ቀናት ናቸው።

ይህን ስል ግን ስቴሮይድ በየጤና ጣቢያው ለተኮሰው ልጅ ሁሉ ይሰጥ ማለቴ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ያለ በቂ ምርመራ የሚሰጥ ስቴሮይድ የተደበቀውን በሽታ ሊያስነሣ እንደሚችል የልጄ ሐኪም አስጠንቅቀውኛል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ አንዳንዴም እውነተኛ ታይፎይድ ነው፤ ለእነሱ የሚደረገው ነገር አይቋረጥ። ለልጄም ደሟ ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን የሚለየው የካልቸር ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ፀረ-ባክቴሪያው አልቆመላትም። ከጤና ጣቢያው የምጠብቀው መጠርጠርን፣ ልጁን ቶሎ መላክንና ጥርጣሬውን የሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፍን ነው። ያቺ የጥያቄ ምልክት ያለባት «ሚስ-ሲ» የምትል ቃል ባትኖር ኖሮ ድንገተኛ ክፍሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የልብ አልትራሳውንድ አያስብም ነበር፤ ይህን የነገሩኝ እዚያው ያሉት ሐኪም ናቸው።

አንድ ሌላም ወንድም ሕመም አለ። ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1967 የገለጹትና በስማቸው የተጠራው የካዋሳኪ ሕመም ከሚስ-ሲ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ ሳይታከም ከቀረ ከአራት ሕፃናት የአንዱን የልብ ደም ሥር ያሳብጣል፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ኢሚውኖግሎቡሊን ከተሰጠ ግን አደጋው በብዙ ይቀንሳል። ለዚህኛው ስቴሮይድ ብቻውን ምትክ ስለማይሆን መድኃኒቱ ቢያንስ በሪፈራል ሆስፒታሎች በጥቂቱ እንኳ እንዲቀመጥ መጠየቄ ከዚህ የተነሣ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ነውና ቅንጦት ጠየቀ አትበሉኝ።

ከሆስፒታል በአሥራ አንደኛው ቀን ስንወጣ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን፣ የተመላላሽ ቀጠሮና ለወራት እንዳትሮጥ የሚከለክል ማዘዣ ተሰጣት። በሦስተኛው ሳምንት የጣቶቿ ጫፍ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ወደቀ፤ እሷ እየሳቀች ለታናሽ ወንድሟ ታሳየው ነበር። የልብ አልትራሳውንዱ በሁለት ሳምንት፣ በስድስት ሳምንትና በስድስት ወር ተደግሞ ልቧ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በዚህ መካከል ያደከመን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከጤና ጣቢያ አዲስ የሪፈር ወረቀት ማምጣቱ ነበር፤ በጤና መድን የምንታከም በመሆናችን ያለ ወረቀቱ ክፍያውን ከኪሳችን መሸፈን ነበረብን፤ ከሠፈራችን ጤና ጣቢያ ደርሶ ወረቀት አስጽፎ፣ ሆስፒታል ደርሶ፣ ወረፋ ጠብቆ መመለስ የሁለት ቀን ሥራ ነው። እኔ መምህር ስለሆንኩ ባልደረቦቼ ክፍለ ጊዜዬን ሸፈኑልኝ። በቀን ሥራ የሚተዳደር የሠፈራችን ወላጅ ግን ልጁ ደኅና መስላ ስትጫወት እያየ ለሦስተኛው አልትራሳውንድ ሁለት የሥራ ቀን ያቃጥላል ብዬ አላምንም። የልብ ክትትል ለተጀመረለት ልጅ አንድ ሪፈር ለስድስት ወር እንዲያገለግል ቢደረግ ምን ይጎድላል?

ትምህርት ቤቶችንም አትርሱን። የስፖርት መምህራችን ልጄ እንዳትሮጥ የሚለውን ማዘዣ ሲያይ መጀመሪያ የመሰለው ሰበብ ነው፤ አልፈርድበትም፣ በየሳምንቱ ስንት ዓይነት ወረቀት እንደሚመጣለት አውቃለሁ። ቢሮው ከትምህርት ቢሮ ጋር ሆኖ ስለ እነዚህ ሕመሞች አንድ ገጽ ቢያዘጋጅልን እናነበዋለን፣ ለወላጆች ስብሰባም እናቀርበዋለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን እንዳሳለውና መቼ እንዳሳለው ከማንም በላይ ያውቃሉና በእነሱ በኩል ብዙ መሥራት ይቻላል።

እኔ በበኩሌ ከዘንድሮ ጀምሮ በስም መጥሪያው ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር መጻፍ ጀምሬአለሁ። ያሳለው ልጅ ስም አጠገብ «ሳ»፣ ጉሮሮውን ያመመው አጠገብ «ጉ» ብዬ ከቀኑ ጋር አኖራለሁ። ባለፈው ወር ከሃምሳ ስምንት ተማሪዎቼ አሥራ ዘጠኙ «ሳ» ነበራቸው። አንድ ልጅ በትኩሳት ሲቀር ለወላጁ ደውዬ «ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም በዚህ ቀን አስሎት እንደነበር ይንገሩት» እላለሁ፤ እስካሁን አራት ወላጆች ጋ ደውያለሁ፤ አንዷ እናት «መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ዶክተር ሆኑ እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። መዝገቡን ለማየት የሚፈልግ ባለሙያ ከላካችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤት አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባትና መምህር
ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ